የባሩድ ቀንድ አሰራርና የስክሪምሾ ቅርጽ
የባሩድ ቀንድ ማለት ድሮ በአፈሙዙ ባሩድ የሚጎርስ ጠመንጃ የያዘ ሰው ባሩዱን የሚይዝበት የከብት ቀንድ ነው፤ ስክሪምሾ ደሞ ላዩን በስዕል ጭሮ ጭረቱን በቀለም መሙላት ነው። የባሩድ ቀንድ ሊሰራ የተነሳ ሰው ሁሉ የሚቸኩለው ወደ ስዕሉ ነው፣ ግን እመኑኝ ስዕሉን የሚያሳምረውም የሚገድለውም ከሱ በፊት ያለው ፍቅፈቃ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ1754 እስከ 1763 እንግሊዝና ፈረንሳይ ሲዋጉ በዛሬዋ ኒውዮርክ ግዛት በሌክ ጆርጅና በአልባኒ አካባቢ ምሽግ ውስጥ የተቀመጡ ወታደሮች ስማቸውን፣ ዓመተ ምህረቱን፣ የሃድሰን ወንዝን ካርታ ምናምን ቀንዳቸው ላይ ይቀርጹ ነበር። ቀንድ ቀላል ነው፣ ውሃ አያስገባም፣ እንደ ብረት ብልጭታ አያወጣም፣ ለባሩድ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል።

የበሬ ወይም የላም ቀንድ ይሁን። የዓሣ ነባሪ ጥርስና የዝሆን ጥርስ በህግ ጣጣ አለው፣ የከብት ቀንድ ግን ማንም አይጠይቃችሁም። ጥሬ ከሆነ ቀቅሉትና ውስጡ ያለውን አጥንት መትታችሁ አውጡ፣ ይሸታል፣ በጣም ይሸታል፣ ውጪ ቀቅሉት።

ከዛ ሽቦ ወደ ውስጥ ሰዳችሁ ባዶው ቦታ የት ድረስ እንደሚሄድ ለኩና ውጪው ላይ ምልክት አድርጉ። ጫፉን በመጋዝ ቁረጡ፣ ቁራጩን አትጣሉት መለማመጃ ይሆናል፣ ከጫፉ ጀምራችሁ በ6 ሚሊሜትር ፑንታ እስከ ባዶው ድረስ ብሱ። ቀንዱ ጠማማ ስለሆነ የድሪሉን አቅጣጫ ሁለት ሶስቴ ከጎንም ከላይም እዩ፣ አለበለዚያ በጎን ይወጣል። ቀስ እያላችሁ፣ ፍቅፋቂውን ለማውጣት ፑንታውን መለስ እያደረጋችሁ።

የቀንድ አፍ መቼም ክብ ሆኖ አይመጣም፣ ስለዚህ ሾጠጥ ያለ ክብ እንጨት አዘጋጁና አፉን የፈላ ውሃ ውስጥ አቆይታችሁ ለስለስ ሲል እንጨቱን ግፉበት፣ እዛው ላይ ይቀዝቅዝ። አሁን ዋናውን የእንጨት ክዳን ልክ አድርጉና በቀንዱ በኩል እየበሳችሁ በትንንሽ የእንጨት ችንካር ያዙት፣ ዙሪያውን የቀለጠ የንብ ሰም። ቀንዱን ውሃ ውስጥ ከታችሁ በጫፉ በኩል ንፉበት፣ አረፋ ካየህ ያፈሳል ማለት ነው። ለጫፉም የእንጨት ውታፍ ቅረጹ።

አሁን ፍቅፈቃው። በተሰበረ ብርጭቆ ጠርዝ ወይ በቢላ ጀርባ ፋቁ፣ ብርሃን ላይ ስትይዙት እስኪያሳልፍ ድረስ፣ ክዳኑ ጋ ግን አታሳሱት ችንካሩ አይይዝም። ቀጥሎ ብርጭቆ ወረቀት፣ ከሻካራው ወደ ለስላሳው፣ ቁጥር 220፣ 400፣ 600። ማስክ አድርጉ፣ አቧራው ለሳንባ መጥፎ ነው። በዚህ የሚሰላች ሰው በኋላ ይከፍላል፣ ምክንያቱም ቀለሙ የቀረ ጭረት ሁሉ ውስጥ ይገባና ስዕላችሁ ዙሪያ ጭጋግ የመሰለ ቆሻሻ ይሆናል፣ ያንን ለማጥፋት እንደገና ሲፋቅ ስዕሉም አብሮ ይሄዳል።

ያለሰለሳችሁት ቀንድ እርሳስ አይዝም፣ ስለዚህ ስስ ወረቀት ላይ ሳሉና ለጥፋችሁ መስመሩን በመርፌ እየወጋችሁ አስተላልፉት። ቀንድ ወደ ጫፉ ስለሚቀጥን ወረቀቱ እንደ ማራገቢያ ተዘርግቶ ነው የሚገጥመው፣ ካርታ ከሆነ ይሄን ቀድማችሁ አስቡበት። የድሮዎቹ ወንዙን በሁለት መስመር፣ ምሽጉን ጥጉ የሾለ አራት ማዕዘን፣ ከተማውን የተደረደሩ ትንንሽ ቤቶች አድርገው ነው የሰሩት፣ ለጀማሪ በጣም ጥሩ ነው።

ሹል ቢላ እንደ እስክሪብቶ ያዙ፣ የመጀመሪያው ጭረት ቀለል ያለ ይሁን፣ ሁለተኛው ጠለቅ። የቀንዱን ርዝመት ተከትሎ የሚሄድ መስመር ይቀናል፣ ክብ ነገር ግን ቢላው ያመልጣል፣ ክቡን በአጫጭር ጭረት ገጣጥሙት። ጥላ ከፈለጋችሁ ቀጫጭን መስመሮች አጠጋግታችሁ ጫሩ። ትንሽ ትንሽ ክፍል እንደጨረሳችሁ ውሃ የማይፈታው ጥቁር ቀለም ቀቡና ከላይ ያለውን ቶሎ ጥረጉ፣ ጭረቱ ውስጥ ያለው ይቀራል፣ የሳሳ መስመር ካያችሁ ድገሙት።

የአሮጌ ቢጫ መልክ ለመስጠት ድሮ አሲድ ይጠቀሙ ነበር፣ ተዉት፣ የጨርቅ ማቅለሚያ ይበቃል፣ ግን ለብ ባለ ውሃ፤ ካሞቃችሁት አፉ ወደ ድሮ ቅርጹ ሊመለስ ይችላል። ማቅለሙ ስዕሉን ከመጫራችሁ በፊት ይሁን፣ መጨረሻ ላይ ሰም።

ልትተኩሱበት ከሆነ የድሮው ጥቁር ባሩድ ብቻ፣ ዘመናዊው ጭስ አልባ ባሩድ አይደለም፣ ደሞ በፍጹም ከቀንዱ በቀጥታ ወደ አፈሙዝ እንዳታፈሱ። በርሜሉ ውስጥ ከቀድሞው ተኩስ ፍም ካለ እጃችሁ ላይ ያለው ቀንድ በሙሉ ነው የሚፈነዳው፤ መጀመሪያ በመስፈሪያ ለኩ፣ ቀንዱን ወትፉና አርቁት፣ ከዛ ነው የሚፈሰው።