በኪሮሽ የመጀመሪያውን ብርድ ልብስ ለመሥራት

በብዙ ቤት መሳቢያ ውስጥ የዳንቴል ኪሮሽ አይጠፋም። ለብርድ ልብስ ግን አይሆንም። ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ የሹራብ ክር ሲይዝ ክሩን ይሰነጥቀዋል፤ የሚወጣውም ሥራ እንደ ሰሌን ይደርቃል። የሚያስፈልገው 5 ወይም 5.5 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ ነው፤ ቁጥሩ እጀታው ላይ ይጻፋል።

ክሩ እንደ አገሩ ይመረጣል። ለደሴ ብርድ ሱፍ ወይም አክሪሊክ የሚባለው ሰው ሠራሽ ክር ይስማማል። ሐረጎን ወርደው ኮምቦልቻ ለሚኖሩ ጥጥ ይሻላል፤ ነገር ግን ጥጥ ስለማይለጠጥ የጀማሪን እጅ ያደክማል፣ ሲያልቅም ይከብዳል። ስለዚህ ቆላም ይኑሩ ደጋ፣ የመጀመሪያው አክሪሊክ ይሁን። አሥር ጊዜ ቢተረተር ይችላል። ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ይሁን፤ በጥቁር ክር ላይ፣ ያውም መብራት በጠፋ ማታ፣ ዓይኑን፣ ማለትም በኪሮሽ የሚሠራውን እያንዳንዱን ጥልፍ፣ ማየት ጭንቅ ነው። ፀጉራም ክርም ይቅርብዎ።

በ100 ግራም ወደ 200 ሜትር የሚሄድ ክር 600 ግራም ይበቃል። ሁሉንም በአንድ ቀን ይግዙ፤ በተለያየ ጊዜ የተነከረ ክር ስሙ አንድ ቢሆንም ቀለሙ ይለያያል፣ ልዩነቱም የሚታየው ሥራው መሃል ላይ ነው። ሰኞ ገበያ ወይም ሌላ ቦታ ወረቀት የሌለው ልቃቂት ካገኙ ጫፉን ቆርጠው ውኃ ባለበት ሳህን ላይ በመቆንጠጫ ይዘው ያቃጥሉት። ቀልጦ ጠጣር ጥቁር ፍሬ ከሆነ አክሪሊክ ወይም የመሰለው ነው፤ የተቃጠለ ፀጉር ከሸተተ ሱፍ ነው፤ እንደ ወረቀት ከነደደ ጥጥ ነው።

መጠኑ 90 በ110 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ለሕፃን ወይም ለጉልበት የሚሆን ነው። 2 ሜትር በ2 ሜትር የሚጀምር ሰው ክሩም ድካሙም አራት እጥፍ ይሆንበታል፤ አብዛኛውም አይጨርሰውም።

መጀመሪያ ከታች በሚገለጸው ረጅም ዓይን ናሙና ይሥሩ፤ 20 ዓይን በ10 ረድፍ። ጠረጴዛ ላይ ሳይጎትቱ ዘርግተው መሃሉን ይለኩ። 10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 13 ዓይን ሊኖር ይገባል። 15 ከሆነ እጅዎ ይጨብጣል ማለት ነው፤ በዚያው ከቀጠሉ ብርድ ልብሱ በ12 ሴንቲ ሜትር ይጠባል። እጅዎን ለመቀየር አይታገሉ፤ ኪሮሹን በግማሽ ሚሊ ሜትር ያወፍሩ። 11 ከሆነ ደግሞ ያቅጥኑ።

ሸምቀቆ ሠርተው ኪሮሹ ላይ ያስገቡ፤ ክር ይዘው በቀለበቱ ውስጥ እየሳቡ 122 ሰንሰለት ይሥሩ። ቋጠሮውና ኪሮሹ ላይ ያለው ቀለበት አይቆጠሩም። በየ20ው መርፌ ቁልፍ ያድርጉ። አምስት ስድስት ቢተርፍ ችግር የለም፤ በኋላ ከቋጠሮው በኩል ይተረተራል። ቢጎድል ግን መድኃኒቱ እንደገና መጀመር ነው። ሰንሰለቱን ላላ አድርገው፣ ከተቻለም በወፈረ ኪሮሽ ይሥሩት፤ የጠበቀ ሰንሰለት የብርድ ልብሱን ግርጌ ሰብስቦ እንደ ደጋን ያጎብጠዋል።

አሁን ረጅሙ ዓይን። ክሩን አንድ ጊዜ ኪሮሹ ላይ ይጠምጥሙ፤ ከኪሮሹ 4ኛው ሰንሰለት ውስጥ ያስገቡ፤ ክር ይዘው ይመለሱ። ሦስት ቀለበት ይኖርዎታል። ክር ይዘው በሁለቱ ውስጥ ያውጡ፤ እንደገና ክር ይዘው በቀሩት ሁለት ውስጥ ያውጡ። በዚሁ እስከ መጨረሻው። የታለፉት ሦስት ሰንሰለቶች እንደ አንድ ዓይን ስለሚቆጠሩ ድምሩ 120 ይሆናል።

የጀማሪ ሥራ የሚበላሸው በዳሩ ነው። ረድፉ ሲያልቅ 3 ሰንሰለት ሠርተው ይገለብጣሉ። ይህ ሦስት ሰንሰለት ራሱ የአዲሱ ረድፍ የመጀመሪያ ዓይን ነው፤ ስለዚህ ቀጣዩ ከሥሩ ሳይሆን ከአጠገቡ ባለው ሁለተኛ ዓይን ውስጥ ይገባል። ከሥሩ ካስገቡ አንድ ይጨመራል። የረድፉ የመጨረሻ ዓይን ደግሞ ባለፈው ረድፍ ሦስት ሰንሰለት ጫፍ ላይ ይሠራል። ጫፉ እንደ ሌሎቹ ዓይን ስለማይመስል ሁሉም ይዘለዋል። በየረድፉ አንድ ብቻ ቢዘለል 77ኛው ረድፍ ላይ የሚቀረው 44 ዓይን፣ ማለትም 34 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ብርድ ልብስ መሆኑ ቀርቶ የሻሽ ቅርጽ ይይዛል። መፍትሔው ሦስተኛው ሰንሰለት በተሠራ ቁጥር እሱ ላይ መርፌ ቁልፍ ማድረግ ነው። ለመጀመሪያዎቹ 10 ረድፎች ሁሉንም ይቁጠሩ፤ ከዚያ በየ5 ረድፉ ይበቃል። የጎደለ ካገኙ ሌላ ቦታ ጨምረው አይሸፍኑት፤ እስከ ስህተቱ ይተርትሩ።

ሁልጊዜ ኪሮሹን ከላይ እንደ ሽሩባ ከሚታዩት ሁለቱም ክሮች ሥር ያስገቡ። በአንዱ ብቻ ከገባ ያ ቦታ ይሳሳል፣ መስመርም ያወጣል።

ክር ሲያልቅ በረድፍ ዳር ይቀይሩ፤ የመጨረሻው ዓይን ሁለት ቀለበት ሲቀረው በአዲሱ ክር ይጨርሱት። ከሁለቱም 15 ሴንቲ ሜትር ይተዉ። አይቋጥሩ፤ ቋጠሮ ይቆረቁራል፣ ሲታጠብም ይፈታል። ጫፎቹን ባልሾለ ወፍራም መርፌ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ አንድ አቅጣጫ ሥራው ውስጥ ያሳልፉ፣ ከዚያ ይመልሱ።

77 ረድፍ ሲሞላ ዙሪያውን በአጭር ዓይን ይክፈፉት፦ አስገብተው ክር ይመልሱ፣ ክር ይዘው በሁለቱም ቀለበት በአንዴ ያውጡ። በጎን በኩል በየረድፉ ሁለት፣ ማዕዘን ላይ ሦስት። ዳሩ ከተሸበሸበ ዓይኑ በዝቷል፤ አልፎ አልፎ አንድ ይቀንሱ።

አክሪሊክ በካውያ አይነካም፤ ይቀልጣል። ሱፍ በሙቅ ውኃ ከታሸ ይኮማተራል። ሁለቱንም በቀዝቃዛ ውኃ አጥበው፣ ሳይጠመዝዙ በፎጣ ጠቅልለው ውኃውን ይጫኑ፤ በደሴ ክረምት ይህ ካልተደረገ ለመድረቅ ቀናት ይፈጃል። ገመድ ላይ አይስቀሉት፣ በራሱ ክብደት ይረዝማል። ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ያንጥፉት፤ ኮምቦልቻ ከሆነ ጥላ ሥር።