ኦቨርክሎክ አልረጋ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ኦቨርክሎክ ማድረጉ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩን ከተሠራበት ፍጥነት በላይ ማስኬዱ፣ ቀላል ነው። ባዮስ (የማዘርቦርዱ መሠረታዊ ሴቲንግ) ውስጥ ገብቶ መልቲፕላየሩን፣ ፍጥነቱን የሚወስነውን ማባዣ፣ ከፍ ማድረግ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ከባዱ ማርጋቱ ነው። ኮምፒውተሩ ተነሳ ማለት ረጋ ማለት አይደለም። ዊንዶውስ መግባቱ፣ አንድ ምሽት ጌም ማጫወቱም ማረጋገጫ አይሆንም።

ፕሮሰሰራችሁ ያልተቆለፈ (መልቲፕላየሩ የሚቀየር) መሆኑን፣ ማዘርቦርዱ ኦቨርክሎክ እንደሚፈቅድ፣ ቴርማል ፔስቱ እንዳልደረቀ፣ ፋኖቹ እንደሚዞሩ አይታችኋል ብዬ ነው የምነሳው።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልበል። ያልረጋ ፕሮሰሰር ሁሌም በሰማያዊ ስክሪን አይናገርም። አንዳንዴ የተሳሳተ ሒሳብ ሠርቶ ዝም ብሎ ያልፋል። ያ ስህተት ፋይላችሁ ውስጥ ይጻፋል፤ የምታውቁት ከወራት በኋላ ፎቶው አልከፈት ሲል ነው። ሙከራ ከመጀመራችሁ በፊት የምትፈልጉትን ሁሉ ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡ። ዲስኩንም ነቅላችሁ አስቀምጡት።

ጨርሶ አልነሳ ሲል

መልቲፕላየሩ በዝቷል፣ ወይም ቮልቴጁ በጣም አንሷል። ብዙ ማዘርቦርዶች ጥቂት ጊዜ ሞክረው ራሳቸው ወደ ቀድሞው ሴቲንግ ይመለሳሉ። ካልተመለሰ ከሶኬት ንቀሉትና ሲሞሱን (የባዮስ ሴቲንግ የሚቀመጥበትን) አጽዱ። ማጽጃ በተን ወይም ፒን ከሌለው ክቡን ባትሪ አውጥታችሁ ጥቂት ደቂቃ ቆዩ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ቀላሉን ፈተና አልፎ ከባድ ሥራ ላይ ሲወድቅ

ደጋግሜ የማየው ይህንን ነው። ሲነቤንች የሚባለውን የፍጥነት መለኪያ ያልፋል፣ ጌሙንም ያጫውታል። ቪዲዮ ሬንደር ሲደረግ ወይም ፕራይም 95 የሚባለው ከባድ መፈተኛ ሲነሳ ግን ከደቂቃዎች በኋላ ይሞታል። ሰማያዊ ስክሪኑ ላይ «ክሎክ ዋችዶግ ታይምአውት» ወይም «ደብሊው ኤች ኢ ኤ አንኮሬክተብል ኤረር» የሚል ይወጣል። ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቁሙት ኮሮቹ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉት የማስሊያ ክፍሎች) በቂ ቮልቴጅ እንዳላገኙ ነው።

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚያደርገው አንድ ነው፦ ባዮስ ገብቶ ቮልቴጅ ይጨምራል። መልሶ ይወድቃል። አሁንም ይጨምራል። በዚህ መሃል ሙቀቱ 100 ዲግሪ ይደርስና ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው።

ዋናው ነገር እንዲህ ነው። ባዮስ ላይ የጻፋችሁት ቮልቴጅ ፕሮሰሰሩ ሥራ ሲበዛበት የሚያገኘው ቮልቴጅ አይደለም። ፕሮሰሰሩ ብዙ ከረንት መሳብ ሲጀምር ቮልቴጁ ዝቅ ይላል። ብልሽት እንዳይመስላችሁ፤ ሆን ተብሎ እንዲህ ተሠርቷል። ሥራው በድንገት ሲቆም ቮልቴጁ ወደ ላይ ስለሚዘል፣ ያ ዝላይ ፕሮሰሰሩን እንዳይጎዳ አስቀድሞ ቦታ ይተውለታል። ይህ መውረድ ምን ያህል እንዲሆን የሚወስነው ባዮስ ውስጥ ያለው ሎድ ላይን ካሊብሬሽን የሚባለው ሴቲንግ ነው። ብዙ ሰው አይነካውም። የሚነካውም ብዙ ጊዜ ጫፉ ድረስ ይወስደዋል። ሁለቱም ያው ናቸው፣ አያረጉም።

አንድ ልጅ ኮምፒውተሩን ተሸክሞ መጣ። «ወንድሜ፣ ፕሮሰሰሩ ጉድለት አለበት መሰለኝ፤ ልመልሰው ነው» አለኝ። ባዮሱ ላይ 1.30 ቮልት ተጽፏል። ምንም ሳይሠራ ሲለካም 1.296 ያሳያል። እሱ የተማመነው በዚህች ቁጥር ነው። ፕራይም 95ን በትናንሾቹ ኤፍኤፍቲ (ፕሮሰሰሩን ይበልጥ በሚያስጨንቀው ፈተና) አስነሳንና ቁጥሩን አብረን አየን። 1.24። 1.21። ከዚያ 1.18 ላይ ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ ፕሮግራሙ ለየኮሩ ከሚከፍታቸው ሠራተኛ መስኮቶች አንዱ የማጠጋጋት ስህተት አለ ብሎ ቆመ። ሌሎቹ መሮጣቸውን ቀጠሉ፤ ኮምፒውተሩም አልወደቀም። «ይኸው፣ አለፈ እኮ!» አለ ልጁ። አላለፈም። አንድ ሠራተኛ ከቆመ ያ ኮር የተሳሳተ ሒሳብ ሠርቷል ማለት ነው። መስኮቶቹን አንድ በአንድ ማየት ግዴታ ነው።

ልጁ እኔ ጋ ከመምጣቱ በፊት 1.38 ድረስ ወጥቶ ሙቀቱ አላስቀምጥ ብሎት ተመልሶ ነበር። ያደረግነው ሎድ ላይን ካሊብሬሽኑን መካከለኛ ደረጃ ላይ ማድረግና የባዮሱን ቮልቴጅ ወደ 1.27 ማውረድ ነው። ሥራ ሲበዛበት 1.22 ላይ ረጋ። ሌሊቱን ሙሉ ሮጦ አንድም ሠራተኛ አልቆመም። ፕሮሰሰሩ ምንም አልነበረበትም።

እነዚህን ቁጥሮች ግን እንዳትገለብጡ። ሞዴላቸው አንድ የሆነ ሁለት ፕሮሰሰሮች እንኳን እኩል አይሆኑም፤ አንዱ በ1.20 የሚሠራውን ሌላው 1.30 ይጠይቅበታል። ቪዲዮ ላይ ያዩትን ቁጥር እንዳለ ጽፈው «ለምን ለኔ አልሠራም?» የሚሉ ሰዎች ትዕግሥቴን ይፈታተናሉ። መወሰድ ያለበት አሠራሩ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኤች ደብሊው ኢንፎን፣ ቮልቴጅና ሙቀት የሚያሳየውን ፕሮግራም፣ ክፈቱ። «ቪአይዲ» የሚለውን መስመር እርሱት፤ እሱ ፕሮሰሰሩ የሚጠይቀው እንጂ የሚያገኘው አይደለም። «ቪኮር»ን ተመልከቱ፤ ማዘርቦርዱ «ቪአር ቪአውት» የሚል ካሳየ ደግሞ እሱ ይበልጣል። ከባድ ፈተና አስነሱና ቮልቴጁ የሚቀመጥበትን ቁጥር ጻፉ። ከአሁን በኋላ የምታወሩት ስለዚያ ቁጥር ብቻ ነው። ሎድ ላይን ካሊብሬሽኑን ወደ መካከል አምጡ። ፈተናው ከወደቀ ቮልቴጁን በ0.01 ጨምሩና ድገሙ። ካለፈ መልቲፕላየሩን በ1 ጨምሩ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ የነካ ሰው የወደቀው በየትኛው እንደሆነ አያውቅም።

የደረጃዎቹ ቁጥር ያሳስታል፣ ተጠንቀቁ። በኤሱስ ማዘርቦርድ ቁጥሩ ከፍ ሲል ይጠነክራል። በኤምኤስአይና በአዝሮክ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ 1 ማለት ከሁሉ የጠነከረው ነው። አንዱ ላይ የለመደ ሰው ሌላው ላይ በስህተት ጫፍ ያደርሰዋል።

ጫፍ ማድረስ ለምን መጥፎ ሆነ? ቮልቴጁ ጨርሶ እንዳይወርድ ካደረጋችሁት፣ ሥራው በድንገት ሲቆም ከጻፋችሁት ቁጥር በላይ ይዘላል። ዝላዩ እጅግ አጭር ነው። ኤች ደብሊው ኢንፎ በራሱ ሴቲንግ የሚያነበው በየ2 ሰከንዱ ስለሆነ አያየውም። ፕሮሰሰሩ ግን ያየዋል፣ ያረጅበታልም። ምልክቱ ይህ ነው፦ ፈተናው እየሮጠ እያለ ደህና ነው፤ የሚወድቀው ልክ ሲጀምር ወይም ልክ ሲቆም ነው። እንዲህ ካያችሁ ቮልቴጅ አትጨምሩ። ሎድ ላይን ካሊብሬሽኑን አንድ ወይም ሁለት ደረጃ አላሉ፣ ከዚያ የባዮሱን ቮልቴጅ በጥቂቱ አስተካክሉ። ለማረጋገጥ ፈተናውን ብዙ ጊዜ እያስነሳችሁ አቁሙት።

ቮልቴጅን በተመለከተ ይህንን ልብ በሉ። የፕሮሰሰሩ ፍጆታ ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ ያድጋል፤ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬው ነው የሚያድገው። ከ1.25 ወደ 1.40 መውጣት ፍጥነቱ ሳይነካ ብቻውን ፍጆታውን ሩብ ያህል ይጨምራል። ያ ሁሉ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ለመጨረሻዋ 100 ሜጋኸርዝ ብዙ ቮልቴጅ ከጠየቃችሁ ተዉት። አይገባውም።

ፍጥነቱ ጨምሮ ውጤቱ ሲቀንስ

5.2 ጊጋኸርዝ ይላል፣ የሲነቤንች ውጤት ግን በፊት ከነበረው ያነሰ ነው። መጀመሪያ የፕሮሰሰሩን ሙቀት እዩ። ሙቀቱ ደህና ከሆነ ፊታችሁን ወደ ማዘርቦርዱ ቪአርኤም አዙሩ፤ ከፓወር ሰፕላይ የሚመጣውን 12 ቮልት ለፕሮሰሰሩ የሚያወርደው ክፍል ነው። ለ10 ወይም 15 ደቂቃ በሙሉ ፍጥነት ሮጦ ድንገት ወደ 800 ሜጋኸርዝ አካባቢ የሚወርድ፣ ጥቂት ቆይቶ የሚመለስ ኮምፒውተር ካያችሁ ችግሩ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

እውነቱን ልናገር፦ ቪአርኤሙ ላይ አንዲት የአሉሚኒየም ቁራጭ እንኳን ያላስቀመጡ፣ ሣጥናቸው ላይ ግን «ጌሚንግ» ብለው በትልቁ የሚጽፉ ማዘርቦርዶች ያናድዱኛል። እንዲህ ያለ ቦርድ ላይ ብዙ ኮር ያለው ፕሮሰሰር ኦቨርክሎክ አታድርጉ። ፋን አዙራችሁበት ትንሽ ይሻሻል ይሆናል። መፍትሄው ግን ቦርዱን መቀየር ወይም ኦቨርክሎኩን መተው ነው። የውኃ ማቀዝቀዣ የገጠማችሁ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ፤ የቀድሞው ትልቅ ፋን ለቪአርኤሙም ያተርፍለት ነበር፣ አሁን እዚያ አካባቢ ነፋስ የለም።

የኤኤምዲ ፕሮሰሰር በሆነው ራይዘን ላይ ሌላም አለ። ቮልቴጅ ሲያጥረው ከመውደቅ ይልቅ ድብቅ በሆነ መንገድ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ኤች ደብሊው ኢንፎ ላይ «ኢፌክቲቭ ክሎክ» የሚለውን ከሚታየው ፍጥነት ጋር አስተያዩ። በሙሉ ሥራ ላይ ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ቮልቴጁን በጣም ቀንሳችኋል።

ስህተቱ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ ሲሆን

ብሮውዘሩ ይዘጋል፣ ዚፕ ፋይል አልከፈት ይላል፣ «ሜሞሪ ማኔጅመንት» የሚል ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። ሰውየው ለቀናት የፕሮሰሰሩን ቮልቴጅ ሲያወጣና ሲያወርድ ይከርማል። «ኤክስኤምፒ አብርተሃል?» ስትሉት «አዎ፣ እሱማ ኖርማል ነው» ይላል። ኤክስኤምፒም ሆነ ኤክስፖ፣ ሜሞሪውን የሚያፈጥኑት የባዮስ ሴቲንጎች፣ ራሳቸው ኦቨርክሎክ ናቸው። የፕሮሰሰሩን ልክ እስክታገኙ ድረስ አጥፏቸው። ካገኛችሁ በኋላ አብሩና ሜሞሪውን ለብቻው በሜምቴስት 86 ፈትኑት። አንድ ስህተት እንኳን ብዙ ነው።

የራይዘን 7000 መሰኪያ በሆነው ኤኤም5 ሶኬት ላይ ያላችሁ ባዮሱን ሳታድሱ ኤክስፖ አታብሩ። በ2023 እ.ኤ.አ. ራይዘን 7000 ኤክስ3ዲ ፕሮሰሰሮች የተቃጠሉት አንዳንድ ቦርዶች የኤስኦሲ (የሜሞሪ መቆጣጠሪያው ያለበት ክፍል) ቮልቴጅን በራሳቸው ከልክ በላይ ስላወጡት ነው። ከዚያ በኋላ ነው ኤኤምዲ በ1.3 ቮልት የገደበው።

ሥራ ፈቶ ተቀምጦ ሲወድቅ

ሌሊቱን ሙሉ ከባዱን ፈተና አልፎ፣ ጠዋት ብሮውዘር ሲከፈት ሪስታርት ያደርጋል። ከርቭ ኦፕቲማይዘር (የየኮሩን ቮልቴጅ የሚቀንስ ሴቲንግ) የነኩ የራይዘን ባለቤቶች ይህንን ያውቁታል። ሁሉም ኮር አብሮ ሲሠራ ፍጥነቱ ይወርዳል፤ ከፍተኛው ፍጥነት ላይ የሚደርሰው አንድ ወይም ሁለት ኮር ብቻ ሲሠራ ነው። ሁሉንም ኮሮች ዝም ብሎ ኔጋቲቭ 30 ላይ መጣል ስንፍና ነው። ኮርሳይክለር በሚባለው መሣሪያ ኮሮቹን አንድ በአንድ ፈትኑ፤ የወደቀውን ብቻ ወደ ዜሮ አስጠጉት። ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚወድቁት ምርጥ ተብለው ምልክት የተደረገባቸው ኮሮች ናቸው፣ ምክንያቱም ከፍተኛው ፍጥነት የሚጣለው በነሱ ላይ ነው።

የዊንዶውስ መዝገብ ማሳያ በሆነው ኢቨንት ቪውወር ውስጥ «ደብሊው ኤች ኢ ኤ ሎገር» የሚለውን መመልከትም ልመዱ። ቁጥር 18 ኮምፒውተሩን የጣለ ስህተት ነው። ቁጥር 19 የታረመ ስህተት ነው፤ ኮምፒውተሩ ሳይወድቅ ይመዘገባል። «ምንም አልሆነም» ብለው የሚያልፉት አሉ። ኢንቴል ላይ «ኢንተርናል ፓሪቲ ኤረር» የሚል ቁጥር 19 ካያችሁ ኦቨርክሎካችሁ ጫፍ ላይ ነው የቆመው።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

የሚወድቀው ኤቪኤክስ (ከባድ የሒሳብ ትዕዛዞች) በሚጠቀም ፕሮግራም ብቻ ከሆነ የኤቪኤክስ ኦፍሴት 1 ወይም 2 ስጡት፤ በዚያ ሥራ ላይ ብቻ መልቲፕላየሩን ይቀንሳል።

ሰማያዊ ስክሪን ሳይመጣ ድርግም ብሎ የሚጠፋ ከሆነ ፓወር ሰፕላዩን ጠርጥሩ፤ ለፕሮሰሰሩ የሚሄደው ባለ 8 ፒን ኬብልም በግማሽ እንዳልተሰካ እዩ። በመቀየሪያ ኬብል ተቀጥሎ ካገኛችሁት ዛሬውኑ አውጡት።

ለወራት ረግቶ የኖረ አሁን መውደቅ ከጀመረ አቧራውን ጠርጉ፣ ፔስቱን ቀይሩ። ሙቀቱ እንደ ድሮው ሆኖ አሁንም ከወደቀ ፕሮሰሰሩ በቮልቴጅ ብዛት አርጅቷል፤ ፍጥነቱን አንድ ደረጃ ቀንሱለት። ቮልቴጅ እየጨመራችሁ አትከተሉት፣ እርጅናውን ታፋጥኑበታላችሁ። የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ ኮር አይ9 ወይም አይ7 ከሆነ ግን ጥፋቱ የናንተ ላይሆን ይችላል። ኢንቴል ራሱ በ2024 እ.ኤ.አ. ከፍ ያለ ቮልቴጅ እንደሚጎዳቸው አምኖ በባዮስ በኩል ማስተካከያ አውጥቷል፣ ዋስትናውንም በ2 ዓመት አራዝሟል። ማስተካከያው ጉዳቱን ይከላከላል እንጂ የተጎዳውን አይመልስም። ሁሉንም ሴቲንግ ወደ ነበረበት መልሳችሁም የሚወድቅ ከሆነ ጊዜ አታጥፉ፤ ዋስትናችሁን ጠይቁ።

ባዮስ ስታድሱ ደግሞ ያስቀመጣችሁት ፕሮፋይል ሊጠፋ ይችላል፣ ወይም በአዲሱ ባዮስ ላይ ላይነበብ ይችላል። መልቲፕላየሩን፣ ቮልቴጁን፣ የሎድ ላይን ካሊብሬሽኑን ደረጃ፣ በሥራ ላይ የተለካውንም ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ኬዙ ውስጥ ለጥፉ። ከዕድሳቱ በኋላ እነዚያኑ ቁጥሮች ብታስገቡም ፈተናውን እንደ አዲስ አስኪዱት፤ ያው የደረጃ ቁጥር በአዲሱ ባዮስ ላይ ሌላ ቮልቴጅ ሊሰጣችሁ ይችላል።