ያገለገለ ሞተር ጀልባ ልትገዙ ነው? ሞተሩን ሳትነኩ ብር እንዳታወጡ (ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላላችሁ)

ሰመር በደረሰ ቁጥር ስልኬ አያርፍም፣ አንዱ ጓደኛዬ ማርኬትፕሌስ ላይ ጀልባ አይቶ ፎቶ ይልክልኛል፣ ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ ወንበሩ አዲስ ነው፣ "ልግዛው ወይ?" ይለኛል። ሞተሩ ሲነሳ አይተሃል ወይ ስለው "አይ ሰውየው ይሰራል ብሎኛል"። ሰውየውማ ምን ይበል ታዲያ!

ስሙኝ፣ ትንሽ ጀልባ ስትገዙ የምትገዙት ሞተሩን ነው፣ ጀልባው ምርቃት ነው በሉት። ወንበር በሁለት ቅዳሜ ትቀይሩታላችሁ፣ የሞተ አውትቦርድ (ከጀልባው ኋላ የሚሰቀለው ሞተር) ግን ጀልባውን ከገዛችሁበት በላይ ሊያስወጣችሁ ይችላል።

መጀመሪያ ግን መኪናችሁን እዩ። ብዙዎቻችን ሲየና ነው የምንነዳው አይደል፣ ከ2021 ወዲህ ያለው ሃይብሪድ የሚጎትተው እስከ 1,500 ፓውንድ ብቻ ነው፣ የድሮው እስከ 3,500 ይጎትታል። 16 ጫማ አሉሚኒየም ጀልባ ከነሞተሩና ከነትሬለሩ 1,500 አካባቢ ሊደርስ ይችላል፣ ፋይበርግላስ ከሆነማ ይበልጣል። ፖቶማክ ላይ ትናንሽ ገባሮቹ ውስጥ ለማጥመድ አሉሚኒየሟ ትበቃለች፣ ልጆች ይዛችሁ ቼሳፒክ ቤይ ልትወጡ ከሆነ ግን ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ ቀልድ ስላልሆነ 18 ጫማ ከፍ ያለና ግድግዳው ረዘም ያለ ፈልጉ።

አሁን ወደ ሞተሩ። ለሻጩ ደውላችሁ "እኔ ሳልመጣ እንዳታስነሳው" በሉት። ስትደርሱ ሰላምታ እንኳን ሳትጨርሱ እጃችሁን የሞተሩ ክዳን ላይ አሳርፉ፣ ሞቅ ካለ ቀድሞ አስነስቶታል ማለት ነው፣ ቀዝቅዞ አልነሳ የሚል ሞተር ሲሞቅ መልአክ ይሆናል። ከዛ ታች ውሃ በሚስብበት በኩል እንደ ጆሮ ማዳመጫ የሚገጠመውን ጎማ አስገጥሙና ውሃ ከፍታችሁ አስነሱት፣ ያለ ውሃ በፍጹም እንዳታስነሱ ይቃጠላል። ከኋላ በቀጭኑ እንደ ጀበና አፍ የሚወርድ ውሃ አለ፣ እሱ ሳይቆራረጥ መውረድ አለበት። ካልወረደ ወይ ቀዳዳው ተደፍኗል ወይ ውሃ የሚገፋው ኢምፔለር አልቋል፣ ኢምፔለሩ ርካሽ ነው፣ ግን ስንት ጊዜ ያለ ውሃ እንደሰራ ማን ያውቃል።

ቀጥሎ ሞተሩን አጥፉና ከፕሮፔለሩ በታች ያለችውን ቡሎን ትንሽ ፈታ አድርጋችሁ የካምቢዮውን ዘይት ጣታችሁ ላይ ጠብ አድርጉ። ንጹህ ዘይት ከመሰለ ጥሩ፣ ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቷል። ብረት ብረት የሚል ብናኝ ካለበት ደግሞ ቻው ብላችሁ ሂዱ።

ካንዴላ መፍታት የምትችሉ ኮምፕረሽን (ሲሊንደሮቹ ውስጥ ያለውን ግፊት) ለኩ፣ መለኪያውን መለዋወጫ የሚሸጡ ሱቆች በማስያዣ ያውሷችኋል። ቁጥሩ ምን ያህል ከፍ አለ ከሚለው በላይ የሚያሳስበው ሲሊንደሮቹ መቀራረባቸው ነው፣ በ10 ፐርሰንት ውስጥ ይሁኑ። 120፣ 118፣ 122 ብሎ አራተኛው ላይ 85 ካለ ሻጩ ግማሽ ቢቀንስላችሁም አትንኩት።

ትራንሰም የሚባለውን፣ ሞተሩ የተሰቀለበትን የኋላውን ግድግዳ እዩ፣ እኔን ያቃጠለኝ እሱ ነው። የመጀመሪያ ጀልባዬን ስገዛ ሞተሩ አሪፍ ነበር፣ በደስታ ከፈልኩ፣ ሰኔ ላይ ታች ያለውን ቡሎን ላጠብቅ ስል ቡሎኑ ከነእንጨቱ እየተሰረጎደ ገባ፣ ውስጡ እንደ ተነከረ ዳቦ ሆኗል። ፋይበርግላሱ ከውጭ ጭረት እንኳን የለበትም! ስለዚህ በመዶሻ እጀታ ኳ ኳ አድርጉት፣ ጤነኛው ጥርት ያለ ድምጽ አለው፣ የበሰበሰው ዱፍ ዱፍ ይላል። ሞተሩን ከታች ይዛችሁ ወደ ላይ ወደ ታች ግፉት፣ ግድግዳው አብሮ ከተወዛወዘ ተዉት። አሉሚኒየም ከሆነ ውስጡ ውሃ ሙሉበትና ከታች የት የት እንደሚያንጠባጥብ እዩ።

እና የግድ ውሃ ላይ አውጡት፣ "ግቢ ውስጥ ሰራልኝ" አይበቃም፣ ሙሉ ጋዝ ሰጥታችሁ ጥቂት ደቂቃ ሂዱ፣ መሪው ጠንክሮ እንቢ ካለ ኬብሉ ዝጓል።

ትሬለሩን ሰው ይረሳዋል። ጎማውን በክሪክ አንሱና በእጅ አሽከርክሩት፣ ገርገር ካለ ኩሽኔታው ሄዷል። ጎማው ጎን ላይ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አለ፣ 2318 ካለ በ2018 23ኛው ሳምንት የተሰራ ነው፣ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ያረጀ ጎማ 495 ሀይዌይ ላይ ይፈነዳል።

ወረቀት ላይ አጭር ልሁን። ጀልባው ላይ ከኋላ በስተቀኝ የተቀረጸው 12 ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ ታይትሉ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት፣ የሻጩ ስምም እንደዛው። "ታይትሉን በኋላ እልክልሃለሁ" ካለ እሺ በኋላ እከፍልሃለሁ በሉት። ሜሪላንድ ጀልባውን ዲኤንአር (የተፈጥሮ ሀብት መስሪያ ቤቱ) ትሬለሩን ኤምቪኤ ነው የምታስመዘግቡት፣ የጀልባው ታክስ 5 ፐርሰንት ነው፣ ቨርጂኒያ ጀልባው ዲደብሊውአር (የዱር እንስሳት መስሪያ ቤቱ) ትሬለሩ ዲኤምቪ፣ የጀልባው ታክስ 2 ፐርሰንት። ዋጋ ስትደራደሩ እሱንም አስቡ። የሚገዛበት ጊዜ ደግሞ መስከረም ጥቅምት ነው፣ ሚያዝያ ላይ ሁሉም ጀልባ ያምረዋል።

ለመንዳት ሜሪላንድ ከጁላይ 1 1972 ወዲህ የተወለደ ሁሉ የሴፍቲ ኮርስ ሰርተፍኬት ያስፈልገዋል፣ ቨርጂኒያ ሞተሩ 10 ፈረስ ጉልበትና ከዛ በላይ ከሆነ ዕድሜ አይለይም። ሜሪላንድ ውስጥ ከ21 ጫማ በታች የሆነ ጀልባ ሲሄድ ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ላይፍ ጃኬት መልበስ አለባቸው፣ ከሻጩ የሚመጣው ትልቅ ትልቁ ስለሆነ ለልጆቹ በኪሏቸው ግዙ። ስንት ሰው እንደሚጭን የሚናገር ሳህን ጀልባው ላይ ተለጥፏል፣ አክስትም አጎትም ልሂድ ሲሉ እሱን አሳዩአቸው፣ ከጸብ ያድናችኋል።

ዓሣው እንደሆነ ሞልቷል፣ ፖቶማክ ላይ ብሉ ካትፊሽ ወራሪ ስለሆነ ሜሪላንድ የቁጥር ገደብ የለውም፣ ላይሰንስ ግን አውጡ። በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዛው ቤታችሁ ጨርሱት።

የመጨረሻ፣ የጀልባው ቂጥ ላይ ውሃ ማፍሰሻ ፕላግ አለ፣ ውሃ ውስጥ ሳታስገቡ ዝጉት። እኔ ረስቼው ባለቤቴ "ይሄ ውሃ ከየት ነው የሚመጣው" ስትል የልጄ ጫማ ተንሳፍፎ ነበር፣ እንጀራው ያለበት ኩለርም አብሮ። አሁን ፕላጉን ከመኪናው ቁልፍ ጋር ነው የማስረው።