ተሸላሚ ተክል ጎንደር ሲደርስ ለምን ይከዳል? ችግርና መፍትሄ

ሽልማት ያገኘ ተክል የሚመሰክረው ስለተፈተነበት አገር ነው። በብሪታንያ የሮያል ሆርቲካልቸራል ሶሳይቲ እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ የሚሰጠው «አዋርድ ኦፍ ጋርደን ሜሪት» ተክሉ በእንግሊዝ ጓሮ ጤነኛና ብዙ የማያስቸግር መሆኑን ያረጋግጣል። ጎንደር ግን ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርድና ከዚያ እስከ ግንቦት የሚጠበቀው የቧንቧና የጉድጓድ ውሃ ነው። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ከሽልማቱ የዋንጫ ምልክት አጠገብ ያለውን የብርድ ደረጃ አንብቡ። ደረጃው ከኤች 1 እስከ ኤች 7 ነው፤ ኤች 7 ከዜሮ በታች 20 ዲግሪን ያለፈ ብርድ የሚችል፣ ኤች 2 ደግሞ ውርጭ የማይችል ማለት ነው።

እኛ ዘንድ ይህ ደረጃ የሚነበበው ተገልብጦ ነው። እንግሊዞች በየክረምታቸው ቤት የሚያስገቡት ኤች 2ና ከኤች 1 ብዙው እዚህ ዓመቱን ሙሉ ደጅ ይቆማል። ጥሩ ምሳሌ «ማውሬሊ» የሚባለው ባለ ቀይ ቅጠል ኮባ ነው፤ የኛው እንሰት ዝርያ ሆኖ እዚያ ተሸልሟል። ኤች 6ና ኤች 7 ሲሆን ግን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህ ተክል ብርድ ይችላል ብቻ ነው ወይስ ብርድ ካላገኘ አያብብም? ጽጌረዳ ብርድ ይችላል እንጂ ብርድ የግድ አይለውም። ብዙው አፕልና ቱሊፕ ግን የግድ ይለዋል።

ቅጠሉ ለምልሞ አበባም ፍሬም ሲጠፋ

አፕሉ ከጫፍ ጫፉ ብቻ ቅጠል ካወጣ፣ ጎንና ጎኑ ራቁቱን ከቀረ፣ እንቡጡም በተለያየ ጊዜ ከፈነዳ የጎደለው ብርድ ነው። ብዙዎቹ ዝነኛ የአፕል ዓይነቶች ከ7 ዲግሪ በታች የሆነ 800 እና ከዚያ በላይ ሰዓት ይፈልጋሉ። ማዳበሪያ ብትጨምሩ ቅጠሉን ብቻ ታወፍራላችሁ። መፍትሄው ዓይነቱን መለወጥ ነው፦ «አና» እና «ዶርሴት ጎልደን» በጥቂት መቶ ሰዓት ይረካሉ፤ አንዱ የሌላውን አበባ ስለሚያዳቅል ሁለቱን አብራችሁ ትከሉ። የቱሊፕ ኮረት (እንደ ሽንኩርት ያለው ራሱ) ደግሞ ከ12 እስከ 16 ሳምንት ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፤ የሚበስል ፍራፍሬ የሚያወጣው ጋዝ አበባውን ውስጡ ስለሚገድለው ከፍሬ ይራቅ። እንዲህም ሆኖ የአንድ ዓመት አበባ ነው።

ቀይ ሽንኩርት ቅጠሉ ወፍሮ ራስ ካልያዘ ነገሩ የቀን ርዝመት ነው። የአውሮፓው ዘር ራስ ለመያዝ 14 ሰዓትና ከዚያ በላይ ብርሃን ይጠብቃል፤ የጎንደር ረጅሙ ቀን 13 ሰዓት አይሞላም። «ቦምቤ ሬድ» ወይም «አዳማ ሬድ» ዝሩ።

በሐምሌና ነሐሴ ቢጫ ሆኖ ሲጠወልግ

ከሁሉም የበለጠ ተክል የሚያልቀው በዚህ ነው፤ ብዙ ሰው ደግሞ ጠወለገ ብሎ ውሃ ይጨምርበታል። አንድ ሥር አውጡና በጣታችሁ ሳቡት። የላይኛው ቆዳ ተገፍፎ ቀጭን ክር ከቀረና መጥፎ ሽታ ካለው፣ ሥሩ በውሃ ታፍኖ በስብሷል።

ከመትከል በፊት አፈሩን ፈትኑ። 30 ሳንቲ ሜትር ቆፍራችሁ ውሃ ሙሉበት፤ ሰርጎ ሲያልቅ እንደገና ሙሉና በሰዓት ስንት እንደሚወርድ ለኩ። ከ2.5 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ መሬቱ ዋልካ ነው፣ ወይም እንደ ዋልካ ሆኗል። እዚህ ላይ ሦስት ስህተት ይደጋገማል። አንዱ ዋልካ ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ በለስላሳ ብስባሽ መሙላት ነው፤ የዙሪያው ውሃ ወደ ለስላሳው ይገባና መውጫ አጥቶ እንደ ገንዳ ይቆማል። ሁለተኛው ከታች ጠጠር ማንጠፍ ነው። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር ቶሎ ስለማይወርድ እርጥበቱን ወደ ሥሩ ያቀርበዋል እንጂ አያስወጣውም። ሦስተኛው ጥቂት አሸዋ መቀላቀል ነው፤ ሲደርቅ እንደ ጡብ ይጠነክራል።

የሚሠራው ከፍታ ነው። 1 ሜትር ስፋትና 30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው መደብ ሥሩ፤ ሁለት እጅ የላይ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ብስባሽ ይሁን። በጎኑ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ወደ ቁልቁለቱ ይውጣ። ቀይ አፈር ላይ በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ መጀመሪያ መትከል መልካም ነው፤ ሥሩ የክረምቱን ዝናብ ይጠቀምበታል። ዋልካ ላይ ግን መስከረም ዝናቡ ሲቀል ይሻላል።

ውሃ የሚቆምበትን ጥግ ለካላ ሊሊ ተዉለት። ረግረግ ይወዳል፤ «ክሮውቦሮ» የሚባለው ዓይነትም የብሪታንያው ሽልማት አለው። በሳይንሳዊ ስሙ «ኤቲዮፒካ» ቢባልም አገሩ ደቡብ አፍሪካ ነው። ቅጠሉና ግንዱ ሲበላ አፍና ጉሮሮ ስለሚያቃጥል ሕፃናት ከሚጫወቱበት ይራቅ።

ውሃ እየጠጣ በመጋቢት ሲደርቅ

በየቀኑ በጥቂቱ የሚረጭ ውሃ ላይኛውን ጣት ያህል አፈር ብቻ ያርሳል፤ ሥሩም እዚያው ላይ ይቀርና ፀሐይ ይበላዋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ይህ ብክነት ነው። ለአንድ የጽጌረዳ ቁጥቋጦ በሳምንት ሁለት ጊዜ አሥር አሥር ሊትር፣ በቀስታ፣ ማታ ወይም ማለዳ ስጡ። ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር የጤፍ ጭድ አልብሱት፤ ግንዱን እንዳይነካ አንድ እጅ ያህል ክፍት ይቅር፤ አለበለዚያ ምስጥ በጭዱ በኩል ግንዱ ላይ ይወጣል።

ይህንን ሁሉ አድርጋችሁም ከደረቀ ነቅላችሁ ሥሩን እዩ። በፕላስቲክ ከረጢት ብዙ የቆየ ችግኝ ሥሩ እንደ ጥቅል ገመድ ይዞራል፤ መሬት ገብቶም ያንኑ ዙር ይቀጥላል። ሲገዙ ትልቁን ሳይሆን ሥሩ ከከረጢቱ ያልወጣውን መምረጥ፣ ሲተከል ከረጢቱን ሙሉ በሙሉ መቅደድ፣ የዞረውን ሥር በሦስት በኩል በቢላ መሰንጠቅ ነው።

ጽጌረዳው መልኩ ሲለወጥ፣ ቅጠሉም ሲነጠብበት

ቀይ የነበረው ትንንሽ ነጭ ወይም ሮዝ አበባ ካወጣ ተክሉ አልተለወጠም። ከመዳቀያው እብጠት (የሚሸጠው ጽጌረዳ በሌላ ጽጌረዳ ሥር ላይ ከተጣበቀበት ቦታ) በታች ያለው መሠረት ቅርንጫፍ አውጥቶ የላይኛውን ውጦታል። አፈሩን ገልጣችሁ ከተነሳበት ቦታ ወደ ታች ገንጥሉት፤ በመቀስ ከቆረጣችሁት ከቀረው እንቡጥ ሁለትና ሦስት ሆኖ ይመለሳል።

ጥቁር ነጥብ ለብሶ ቅጠሉ የሚረግፈው ቅጠሉ ለረጅም ሰዓት ርጥብ ሆኖ ሲቆይ ነው። «አይስበርግ» እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ የተወደደ ነጭ ጽጌረዳ ነው፤ በእርጥብ ወራት ግን ለዚህ በሽታ ይጋለጣል። የበሽታው ፈንገስ ይለዋወጣል፤ የጀርመኑ «ኤ ዲ አር» የጽጌረዳ ሽልማት ጥንካሬው ካነሰ ዓይነት ላይ የሚሰረዘውም ለዚህ ነው። የቆየ ሽልማት ብቻውን አይብቃችሁ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2000 የተሸለመው «ኖክ አውት» ጥቁር ነጥብን በደንብ ይቋቋማል። የትኛውንም ብትተክሉ በመካከላቸው 1 ሜትር ይኑር፤ የረገፈው ቅጠል ተጠርጎ ይቃጠል።

ቲማቲሙ በሦስት ቀን ሲጠቁር

ቅጠሉ ላይ ውሃ የነካው የሚመስል ጥቁር ልጥፍ፣ ማለዳ ከቅጠሉ በታችኛው ገጽ ነጭ ሻጋታ ካያችሁ ሌት ብላይት የሚባለው በእርጥበት የሚዛመት በሽታ ነው። እዚህ ላይ ሰው በፓኬቱ ፊደል ይታለላል። «ሴሌብሪቲ» የተባለው ቲማቲም እ.ኤ.አ. በ1984 የአሜሪካን «ኦል አሜሪካ ሴሌክሽንስ» ሽልማት አግኝቷል፤ ቪ፣ ኤፍ፣ ኤን እና ቲ የሚሉት ፊደላት ግን ከአፈር በሥር የሚገቡ የማጠውለግ በሽታዎችን፣ ኔማቶድን (ሥር የሚያጠቃ ጥቃቅን ትል) እና የትምባሆ ሞዛይክ ቫይረስን እንጂ ይህን አይመለከቱም። እ.ኤ.አ. በ2014 የተሸለመው «ማውንቴን ሜሪት» ይቋቋመዋል። ከሁሉም የሚሻለው ክረምቱን ማሳለፍ ነው፦ በነሐሴ አጋማሽ ከዝናብ በተከለለ መደብ ዝሩ፣ በመስከረም መጨረሻ አዛውሩ፣ ካስማ አስይዙ፣ መሬት የሚነካውን ቅጠል ቁረጡ፣ ውሃውን ከሥሩ ስጡ። የመዳብ ርጭት የሚጠቅመው በሽታው ከመግባቱ በፊት ነው። ፓኬቱ ላይ ኤፍ 1 (የሁለት ዓይነት ዲቃላ) ከተባለ ከፍሬው ዘር አታስቀሩ፤ በሚቀጥለው ዓመት ልጆቹ እናታቸውን አይመስሉም።

ከተተከለበት ሲያልፍ

«ምንም አያጠፋውም» ተብሎ የሚሸጥን ተክል በጥንቃቄ እዩ። ጣናን የወረረው እምቦጭ በብዙ አገር የተሰራጨው አበባው አምሮ ለኩሬ ጌጥ ተብሎ ነው፤ የወፍ ቆሎም ለአጥር ተብሎ የመጣ ነው። ቁራጩ ወይም ፍሬው በጎርፍና በወፍ የሚሄድ ተክል ከሆነ፣ የቱንም ያህል ሽልማት ቢኖረው፣ አትትከሉት። የተተከለውን የወፍ ቆሎ ፍሬው ሳይጠቁር ከነሥሩ ንቀሉ። ለአጥር የኛው ቀጋ አለ፦ እሾሁ ያስከብራል፣ ነጭ አበባው ያምራል፣ ፍሬውም ይበላል።