የሰው ማሳ ገብቶ ስናር የነቀለ፦ ውጭ አገር እርሻ ላይ በበጎ ፈቃድ ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ያደግኩት ሞረትና ጅሩ፣ ከእነዋሪ ብዙም ሳይርቅ ነው። እኛ ጋ መሬቱ ጥቁር አፈር ነው፤ በሬ ካረሰው በኋላ ውሃው እንዲወርድ መደቡን በእጃችን እያወጣን ነው ያደግነው። ለትምህርት ጣሊያን በነበርኩ ጊዜ፣ የፋሲካ እረፍት ሲመጣ አንድ ኦርጋኒክ እርሻ ላይ ሁለት ሳምንት በበጎ ፈቃድ ለመሥራት ተመዘገብኩ። «እኔን ደግሞ ስለ እርሻ ምን ሊያስተምሩኝ ነው?» የሚል ትዕቢት ነበረብኝ። አሁን ደብረ ብርሃን ውስጥ ተማሪዎች ስለዚህ ጉዳይ ሲጠይቁኝ ከሠራሁት ይልቅ ያጠፋሁትን ብነግራቸው ይጠቅማቸዋል።

ነገሩን ለማያውቅ፦ ሱ ኮፓርድ የምትባል የለንደን የቢሮ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1971 የከተማ ሰው ቅዳሜና እሁድ ገጠር ወጥቶ ኦርጋኒክ እርሻ ላይ እንዲሠራ ማስተባበር ጀመረች። ያ ጅምር ዛሬ «ዉፍ» በሚል አጭር ስሙ ከመቶ በላይ አገሮች ውስጥ አለ። እንግዳው በአብዛኛው በቀን ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ያህል ይሠራል፤ ባለ እርሻው ያበላዋል፣ ያሳድረዋል። አንዱ ለሌላው ገንዘብ አይከፍልም። ለእኛ ሰው ቶሎ የሚገባው በወንፈል ቢነገረው ነው፤ ልዩነቱ ጉልበት በጉልበት መሆኑ ቀርቶ ጉልበት በእንጀራ መሆኑ ነው። ወንፈል አገራችን ላይ የሚያምረው ግን ውሉን ሁሉም ሳይነገረው ስለሚያውቀው ነው። እዚያ ያልተነገረ ውል የለም። የኔ ጥፋት አብዛኛው ከዚህ የመጣ ነው።

እንደ ስደት በር ማየት

ይህን የማስቀድመው ያለ ምክንያት አይደለም። የደብረ ሲናን ቁልቁለት ይዞ ወደ ጅቡቲ የወጣ ልጅ የማያውቅ ሰው እኛ አካባቢ ጥቂት ነው። አንድ ደላላ «የእርሻ በጎ ፈቃድ ቪዛ አለኝ» ካላችሁ ሂሳቡን ሳትሰሙ ተነሡ። ዉፍ ቪዛ አያወጣም፣ ኤምባሲ ሄዶ ዋስ አይሆንም። የዓመት አባልነቱ በየአገሩ ቢለያይም ከመቶ ዶላር በታች ነው። በመቶ ሺህ ብር የሚሸጥላችሁ ነገር ስሙ ቢመሳሰልም ሌላ ነገር ነው።

ደላላ ባይኖርበትም «በጎ ፈቃድ ስለሆነ ሥራ አይባልም» ብሎ መነሣት ብዙዎችን ከድንበር መልሷል። ኒውዚላንድ ለምግብና ለመኝታ ብሎ እርሻ ላይ የሚሠራን ሰው እንደ ሠራተኛ ነው የምትቆጥረው፤ የጎብኚ ቪዛ አይበቃውም። እንግሊዝ ጎብኚ በበጎ ፈቃድ እንዲሠራ የምትፈቅደው በጠቅላላው ከ30 ቀን ላልበለጠ ጊዜ፣ ያውም ለተመዘገበ የበጎ አድራጎት ድርጅት ብቻ ነው። የሸንገን አጭር ቪዛ በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ያስቀምጣል፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ጤና መድንም ይጠይቃል። እርሻ ላይ መሥራት ይፈቀድ አይፈቀድ ግን ያቺኑ የምትሄዱባትን አገር ኤምባሲ በጽሑፍ ጠይቃችሁ የምታውቁት ነው። «ለጉብኝት ነው» ብሎ ተናግሮ ሻንጣው ሲከፈት ጓንትና የጭቃ ቦት ጫማ የሚወጣበትን ሰው አስቡት።

የሚቀለው መንገድ እንደኔ ለትምህርት ወይም ለሌላ ሕጋዊ ጉዳይ ከሄዱ በኋላ በእረፍት ጊዜ መሞከር ነው፤ ያኔም የመኖሪያ ፈቃዳችሁ ምን እንደሚል አንብቡ። ከአገር ቤት ለሚነሣ ደግሞ ኬንያ ትቀርባለች፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ጎብኚ ቪዛ አትጠይቅም። በጎ ፈቃዱን የሚመለከት ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ እዚያም መጠየቅ አለባችሁ። የቢጫ ወባ ካርዳችሁን አትርሱ፤ ክትባቱ ከመነሣታችሁ ቢያንስ አሥር ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት።

ይሉኝታን በሻንጣ ይዞ መሄድ

የመጀመሪያው ማታ ገበታ ላይ ትልቅ ድስት የሽምብራ ሾርባ መጣ። አንድ ጭልፋ ወሰድኩ። የባለ እርሻው ሚስት «ትጨምራለህ?» አለችኝ። «ይበቃኛል፣ አመሰግናለሁ» አልኩ። በሞቴ እስክባል መጠበቄ ነበር። እሷ እሺ ብላ ድስቱን ወደ ቀጣዩ ሰው ገፋችው፤ ከዚያም ታጥቦ ተሰቀለ። ሌሊቱን እናቴ የላከችልኝን ቆሎ ድምፅ እንዳይሰማ አንድ አንድ ፍሬ እየቆረጠምኩ አደርኩ።

የባሰው በሥራው ላይ ነበር። የተስማማነው በቀን አምስት ሰዓት ነው። ከምሳ በኋላ የባለ እርሻው አባት፣ ሰባ ያለፋቸው ሰው፣ ዶማቸውን ይዘው ሲወጡ እኔ ወጣት ሆኜ እንዴት ልተኛ? ወጣሁ። በማግስቱም ወጣሁ። በአምስተኛው ቀን ወገቤ እምቢ ሲለኝ ኩርፊያ ጀመርኩ፤ «እንደ ባሪያ ያሠሩኛል» ብዬ ለጓደኛዬ ጻፍኩ። ባለ እርሻው ፊቴን አይቶ ምን እንደሆንኩ ጠየቀኝና ነገርኩት። የምሩን ነው የገረመው። «ከሰዓት በኋላ ና ያለህ ሰው አለ? ደስ ብሎህ የምትወጣ ነበር የመሰለኝ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ና ያለኝ ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ። በቀን ስንት ሰዓት፣ በሳምንት ስንት ቀን? ሥራው ምንድን ነው፦ አረም፣ ለቀማ፣ ከብት፣ ወይስ ግንብ? የምተኛው ክፍል ውስጥ ነው ወይስ ድንኳን? በሩ ይቆለፋል? ምግቡን ማን ነው የሚሠራው? ከአውቶቡስ ፌርማታ ምን ያህል ይርቃል? እኛ ጋ እንዲህ መጠየቅ ነውር ይመስላል። እነሱ ግን የሚፈሩት የማይጠይቀውን ነው። ማታ ደግሞ ከራባችሁ «አዎ፣ ጨምሩልኝ» በሉ።

«እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ»

አንድ ጠዋት ባለ እርሻው ወደ ከተማ ሊወርድ ሲል በግማሽ እንግሊዝኛ፣ በግማሽ ጣሊያንኛ ከነጭ ሽንኩርቱ መደብ ዳር ያለውን ሣር እንዳጸዳ ነገረኝ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ጨረስኩት። ቀና ስል ጎን ያለው ማሳ ባቄላ ነው፤ ወገብ ድረስ ደርሶ አበባው ነጭና ጥቁር ሆኗል። በመሃሉ ደግሞ ስናር የሚባለው አረም! ጅሩ ላይ ስንዴው ውስጥ ስናር እያየ ዝም የሚል ሰው በሰፈሩ ሰነፍ ነው የሚባለው። ገባሁበት። ባቄላውን እንዳልሰብር እየተጠነቀቅኩ፣ ከሥሩ እየነቀልኩ፣ ለከብት እንደምናደርገው በነዶ እያሰርኩ ዳር ላይ ደረደርኩት። አሥራ አንድ ነዶ ነበር። በኩራት ቆሜ ጠበቅኩት።

ሰውዬው መኪናውን አቁሞ ነዶዎቹን ሲያይ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። ስናር ያልኩት አጃ ነበር፤ ዘሩን ገዝቶ በጥቅምት ከባቄላው ጋር ቀላቅሎ የዘራው እሱ ራሱ ነው። ባቄላው ከአየር የያዘውን ናይትሮጅን ለአፈሩ ሊሰጥ፣ አጃው ደግሞ ባቄላውን ሊደግፍና በሥሩ አፈሩን ሊይዝ። «ሶቬሾ» ይሉታል፤ ዘርቶ አፈር ውስጥ መልሶ መቅበር። ከተናደደ በኋላ ሳቀ፣ ጎረቤቱንም ጠርቶ ነዶዎቼን አሳየው።

ለእኔ የከበደኝ ከሦስት ቀን በኋላ የመጣው ነው። ያንን ባቄላ ገና በአበባው፣ አንድ ፍሬ ሳይቋጥር፣ በማሽን አጭዶ አጠወለገውና ከአፈር ጋር ገለበጠው። የባቄላ እሸት ወዳጅ ለሆነ ሰው ይህን ቆሞ ማየት ቀላል አይደለም። ምክንያቱን ጠየቅኩት፦ ፍሬ ከያዘ በኋላ ናይትሮጅኑ ወደ ፍሬው ይሄዳል፣ ግንዱም ይጠነክራል፤ በአበባው ጊዜ ግን ለስላሳ ነው፣ አፈር ውስጥ ቶሎ ይበሰብሳል። በቦታው በግንቦት ቲማቲም ሊተክል ነበር።

ከዚያ ወዲህ እጄን ከማስገባቴ በፊት የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ይህ የተዘራ ነው ወይስ የበቀለ?» ይህን ስል ግን የምታውቁትን ደብቁ ማለቴ አይደለም። ውሃ የሚተኛበት የማሳ ጥግ ነበራቸው፤ አስፈቅጄ በጅሩ አሠራር መደብ ሳወጣላቸው አዛውንቱ አባት ወንበር አምጥተው ተቀምጠው ነው ያዩኝ።

«ኦርጋኒክ» ማለት ምንም የማይረጭበት ነው ብሎ ማሰብ

እኔ የአያቴ እርሻ መስሎኝ ነበር። ኦርጋኒክ እርሻ በፋብሪካ የተሠራ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ አይገባበትም፤ ዩሪያ የለም፣ ቱፎርዲ የሚባለው የአረም መድኃኒት የለም። ነገር ግን ወይን ላይ መዳብና ድኝ ይረጫሉ፤ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ በሰባት ዓመት ውስጥ በሄክታር እስከ 28 ኪሎ መዳብ ይፈቅዳል። ስለዚህ ወይን ረድፍ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት መቼ እንደተረጨ ጠይቁ፣ ጓንት አድርጉ።

ሁለተኛው ነገር ወረቀቱ ነው። አንድ ማሳ ኦርጋኒክ ተብሎ እስኪመሰከርለት ለዓመታዊ ሰብል ሁለት ዓመት፣ ለወይንና ለመሳሰሉት ሦስት ዓመት መጠበቅ አለበት። ከሱቅ ገዝታችሁ ያመጣችሁትን የጉንዳን መርጫ ሳታስፈቅዱ ብትነፉበት የምታበላሹት ያንን ሁሉ ዓመት ነው።

በነገራችን ላይ የቀናሁት በፍጋቸው ነው። ደብረ ብርሃንና መንዝ ላይ እበቱ ኩበት ሆኖ ምድጃ ይገባል፤ ማገዶ በሌለበት ብርድ ማንም አይፈርድብንም። እነሱ ግን ከገለባ ጋር ቆልለው ይገለብጡታል። ጠዋት መንሹን ስሰካበት እንደ ድስት ይጨስ ነበር፤ መሃሉ ከ60 ዲግሪ በላይ ነው፣ እጅ አያስገባም።

ጾምን በግማሽ መናገር

2015 ላይ የእነሱ ፋሲካ ሚያዝያ 1 ነበር፤ ለእኛ ሆሳዕና። እኔ ቀደም ብዬ የነገርኳቸው «ሥጋ አልበላም» ብቻ ነው። ለበዓላቸው በግ ጠብሰው ለእኔ ለብቻዬ፣ በትልቅ ደግነት፣ የእንቁላልና የአይብ ኬክ ጋገሩልኝ። አልቀመስኩትም፤ ፊታቸው ጠቆረ። በአጭሩ «እስከ ሚያዝያ 8 ቪጋን ነኝ»፣ ማለትም ከእንስሳ የተገኘ ምንም አልበላም፣ ብል ኖሮ ነገሩ ያልቅ ነበር፤ ወጣት እንግዳ የለመደ ቤት ሁሉ ቃሉን ያውቀዋል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙ ከሆነም አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ሆዱ ባዶ የሆነ ሰው ፀሐይ ላይ ሲዝለፈለፍ የሚደነግጡት እነሱ ናቸው።

ቅቤና ዘር መሸከም

ወደ አውሮፓ ሥጋም ሆነ የወተት ተዋጽኦ በሻንጣ አይገባም፤ የሸዋ ቅቤም ቢሆን። ዘር ደግሞ በሁለቱም በኩል ያስጠይቃል፦ እዚያ የዕፅዋት ጤና የምስክር ወረቀት፣ እዚህ ደግሞ የአገር ዝርያ ያለ ፈቃድ እንዳይወጣ የሚከለክል አዋጅ አለ። ቡና፣ በሶና ነጠላ ይዛችሁ ሂዱ።

መውጫ ሳይያዝ መግባት

ሰው ጥሩ ነው ብሎ ማመን አይከፋም። የመመለሻ ትኬት ገንዘብና የሁለት ሌሊት የሆቴል ሂሳብ ግን ማንም የማይነካው ቦታ ይኑራችሁ። ከእናንተ በፊት የሄዱት የጻፉትን አንብቡ፤ አስተያየት የሌለው ቤት የመጀመሪያችሁ አይሁን፣ በተለይ ብቻችሁን የምትሄዱ እህቶች። ፓስፖርቱን ለምዝገባ ከጠየቁ ቅጂውን ስጡ። ዋናውን «እኛ ጋ ይቀመጥ» ካሉ በዚያው ቀን ውጡ። የቴታነስ ክትባታችሁ ያላለፈበት ይሁን፤ ዝገትና ፍግ ባለበት ትንሽ ጭረት ቀላል አይደለም። ረጅም ሣር ውስጥ ከዋላችሁ ማታ ሰውነታችሁን ለመዥገር ፈትሹ።

ቶሎ መመለስ

ፋሲካን ከአገሬ ልጆች ጋር ከተማ ላክብር ብዬ በአሥራ አራተኛው ቀኔ ወጣሁ። የመጀመሪያው ሳምንት በመሳሳት አለቀ፣ ሁለተኛው በመልመድ፤ ሥራውን ማወቅ ስጀምር ሻንጣዬን አነሣሁ። የሚቻላችሁ ከሆነ ቢያንስ አንድ ወር ያዙ።

እነዋሪ ስመለስ የባቄላውን ነገር ለቤተሰቤ አወራሁ። እናቴ አላመነችኝም። «በአበባው? ምን አጠፋ ብለው?» አለች። አባቴ ዝም ብሎ ሲሰማ ቆየና፦

«ታዲያ በላዩ የተከሉት ቲማቲም እንዴት ሆነ?»

«አላየሁም፣ ወጥቼ ነበር» አልኩት።

«እንግዲያ ምኑን አየኸው?» አለኝ።