በብላክ ሜታል አልበም ሚክስ ላይ የሳሳውን የጊታር ድምፅ ያስተካከልሁበት መንገድ

የአንድ ብላክ ሜታል (ፈጣንና ሻካራ የሮክ ሙዚቃ ዘርፍ) ባንድ አልበም ሚክስ ስሠራ፣ ማለትም የተቀረጹትን ድምፆች አመጣጥኜ ሳዋሕድ፣ የገጠመኝ ችግር፣ ጊታሩን ከቀረጹት ሁለት ማይክሮፎኖች እያንዳንዱ ለብቻው ሲደመጥ ሙሉ የነበረው የጊታር ድምፅ ሁለቱ አብረው ሲከፈቱ መሳሳቱ ነበር። በዚህ ሙዚቃ ስስና ሻካራ ድምፅ ሆን ተብሎ ስለሚፈለግ ጉድለቱን ከስልቱ መለየት ያዳግታል፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሜይሄምና ኤምፐረር የተባሉት የብላክ ሜታል ባንዶች በኖርዌይዋ በርገን ከተማ፣ ግሪግሃለን በተባለው የሙዚቃ አዳራሽ የቀረጿቸውን ሥራዎች ለንጽጽር ሳደምጥ፣ ቅዝቃዜያቸው እንዳለ ሆኖ የጊታሩ ድምፅ ሙላት አልጠፋባቸውም።

መንስኤው ርቀት ነበር። አንዱ ማይክሮፎን ስፒከሩን ተጠግቶ ሲቆም ሁለተኛው 34 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ስለራቀ፣ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ የሚጓዘው ድምፅ እርሱ ዘንድ የሚደርሰው 1 ሚሊሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው፤ በዚህም የተነሣ ሁለቱ ሲደመሩ በ500፣ በ1500 እና በ2500 ኸርዝ አካባቢ ያሉት ሞገዶች እርስ በርሳቸው ይጣፋሉ። ብዙዎች እዚህ ላይ ኢኳላይዘር (ቀጭንና ወፍራም ድምፆችን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ መሣሪያ) ይከፍታሉ፤ ነገር ግን የተጣፋን ድምፅ ኢኳላይዘር አይመልሰውም።

ስለዚህ በ48 ኪሎኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ በ48,000 ሳምፕል (የድምፅ ናሙና)፣ የተቀረጸውን የሩቁን ማይክሮፎን ትራክ 48 ሳምፕል ወይም 1 ሚሊሰከንድ ቀደም እንዲል አደረግሁት። ቦታውን ለማጥራት ሁለቱ ሲገጣጠሙ ይበልጥ እንዲጣፉ የአንዱን ትራክ ፖላሪቲ (የሞገዱን ላይና ታች) ገልብጬ፣ ጥቂት ሳምፕል ወዲህና ወዲያ እያንቀሳቀስሁ ድምፁ ከሁሉ ይበልጥ የሚደክምበትን ነጥብ ካገኘሁ በኋላ ፖላሪቲውን ወደ ነበረበት መለስሁት፤ ጊታሩም ሞላ።

የእግር ከበሮው ብዙም አላስቸገረም፤ በደቂቃ 220 ምት ፍጥነት አሥራ ስድስተኛ ኖታ ሲመታ በምቶቹ መካከል 68 ሚሊሰከንድ ብቻ ስለሚኖር፣ ወፍራም ማስተጋባት ምቶቹን እንዳያደበዝዝ ሪቨርቡን (የተጨመረውን የማስተጋባት ድምፅ) ከ300 ኸርዝ በታች ቆርጬ ተውሁት።