ድሬዳዋና ሐረር ሲሄዱ ምግብ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ድሬዳዋ ወይ ሐረር ከርሞ የመጣ ሰው «ምን በላህ?» ሲባል «ጥብስ» ካለ ከልቤ አዝናለሁ። ጥብስማ የትም አለ። ብዙ እንግዳ የሚጠይቀው የሬስቶራንት ስም ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ሰዓቱን ጠይቁ እላለሁ፤ እዚያ አገር እያንዳንዱ ምግብ የራሱ ሰዓት አለው።

ሆቴል ውስጥ ቁርስ በልቶ መውጣት

ቁርስ ከአልጋው ጋር ተከፍሎበታል ተብሎ እንቁላል ፍርፍር ይበላል። በዚያው ሰዓት ድሬ ከተማ ውስጥ ፈቲራ እየተሠራ ነው። ሠሪው ድቡልቡሉን ሊጥ ዘይት በተቀባ ጠረጴዛ ላይ በመዳፉ ይደፈጥጠዋል። ከዚያ ጠርዙን ይዞ እያወናጨፈ ይዘረጋዋል፤ ሊጡ ከሥሩ ያለው ጠረጴዛ እስኪታይ ድረስ ይሳሳል። መሃሉ ላይ እንቁላል ይደፋበታል፣ አራቱም ጎን ይታጠፋል፣ ከዚያ የጋለው ብረት ምጣድ ላይ ያርፋል። ሲበስል ይከታተፍና ማር ይፈስበታል። ማር ካልበዛባችሁ ደስ የሚላችሁ ከሆነ «ማሩን ለብቻ» በሉ። ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ሂዱ፣ ከምጣዱ አጠገብ ተቀመጡ። ተሠርቶ የቆየ ፈቲራ እንደ ቆዳ ይጠነክራል፤ እሱን ቀምሶ «አልወደድኩትም» ማለት ፈቲራን መበደል ነው።

ምሳን ማዘግየት

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሙቀቱ ቀልድ አያውቅም። ከቀኑ 7 ሰዓት ካለፈ ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ ሰው ወደ በርጫው ወይ ወደ እንቅልፉ ይገባል። ከተማዋ እንደገና የምትነቃው ፀሐይ ሲበርድ ነው። ስለዚህ 6 ሰዓት ላይ ተቀመጡ፤ ጥሩው ሩዝ በሥጋ ቶሎ ያልቃል። በሱማሌ ምግብ ቤቶች ሩዙ በሄልና በቅርንፉድ ይሠራል፣ የፍየል ሥጋው ከላይ ይቀመጣል፣ አጠገቡ ሙዝና ቢስባስ የሚሉት የቃሪያ ማባያ ይመጣል። ሙዙን «ለፍራፍሬ ነው» ብላችሁ ወደ ጎን አታድርጉት። ልጣችሁ፣ ቆራርጣችሁ ከሩዙ ጋር ብሉት። የቢስባሱን ማቃጠል የሚያበርደው እሱ ነው። ቢስባሱን ግን በጥቂቱ ጀምሩ፣ ቃሪያው አይምርም።

ሳይጠይቁ ማዘዝ

አጭር ነገር ነው፣ ግን ብዙ ሰው ያሳፍራል። የክርስቲያን ሥጋና የሙስሊም ሥጋ ብለው የሚለዩ ሰዎች አብረዋችሁ ካሉ ከመቀመጣችሁ በፊት ጠይቁ፤ ማንም አይቀየምም። ረቡዕና ዓርብ የምትጾሙ ከሆነ ሁሉም ቤት የጾም ምግብ አይኖረውም። በረመዳን ደግሞ ብዙ ምግብ ቤት ቀን ቀን ይዘጋል። ይህን ሰምታችሁ ጉዞአችሁን አትሰርዙ። ማታ ከአፍጥር ጀምሮ ቴምሩ፣ ሳምቡሳው፣ ሾርባው ይወጣል፤ እኔ እንዲያውም ያን ጊዜ ሂዱ እላለሁ።

የግመል ወተትን በአንድ ትንፋሽ መጨለጥ

ጓደኛ «ጠጣ አቦ!» ስላለ ብቻ ሙሉ ጣሳ አይገለበጥም። ያልለመደ ሆድ ይረበሻል። ያልተፈላ ወተት በሽታም ሊያስተላልፍ ይችላል። የተፈላውን ጠይቁ። ወተቱን ከሻይ ጋር ቀላቅሎ መጀመርም ጥሩ ነው፣ ጣዕሙም ያምራል።

ሐረርን ለግማሽ ቀን መጎብኘት

እኔን በጣም የሚቆጨኝ ይሄኛው ነው። ከድሬ በደንገጎ አቀበት፣ በሐረማያና በአወዳይ በኩል ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እንግዳው ረፋዱ ላይ ይደርሳል፣ በግንብ የታጠረውን አሮጌውን ከተማ፣ ጁገልን፣ ይዞራል፣ ማታ ጅብ ሲቀለብ ያያል፣ ይመለሳል። በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው ግንብ ውስጥ ግን ሰው ይኖራል፣ ምግብም ይበስላል። የሐረሪዎች የቤት ምግብ ሜኑ ላይ ብዙ አይገኝም። ሁልባት ማረቅን ውሰዱ፦ አብሽ የገባበት የሥጋ መረቅ ነው፣ ወፍራምና ትንሽ መረር የሚል፣ በእንጀራ ወይ በዳቦ የሚበላ። ጁገል ውስጥ እንግዳ የሚያሳድሩ የሐረሪ ቤቶች አሉ። እዚያ እደሩ፣ የቤቱን እናት «ነገ ሁልባት ማረቅ ይሠሩልናል?» ብላችሁ ከዋዜማው ጠይቁ። በወተት የሚፈላውን የቡና ገለባ፣ ሆጃንም፣ አብራችሁ እዘዙ።

ጁገል ውስጥ ያለው ገበያ፣ ጊድር መጋላ፣ ስትደርሱ ሥጋ በእጃችሁ አንጠልጥላችሁ አትዙሩ። እዚያ ያሉ ጭላቶች ከሰማይ ወርደው ይነጥቃሉ።

የተፈጨ ቡና ይዞ መመለስ

የሐረር ቡና ከነገለፈቱ በፀሐይ የሚደርቅ ነው፤ ያ የፍራፍሬ ጣዕሙ የሚመጣው ከዚህ ነው። ተፈጭቶ ፌስታል ውስጥ ከከረመ ጣዕሙ ይጠፋል። ጥሬውን ግዙ፣ ወይም ዓይናችሁ እያየ የሚቆላበት ቤት ገብታችሁ ፍሬውን ሳታስፈጩ ውሰዱ።

የባቢሌን ኦቾሎኒም እንዲሁ ሳትቀምሱ በኪሎ አታስመዝኑ። የከረመው ዘይቱ ይሻግታል፣ አፍ ውስጥ ወዲያው ይታወቃል። ሻጮቹ ለቅምሻ የሚሆን ራሳቸው ይዘግኑላችኋል፤ ካልጣማችሁ አመስግናችሁ ወደሚቀጥለው እለፉ።